የቅሬታ ደብዳቤ፦ 907ን ወደሌለ ቁጥር ስላዞረው ሳጥን

ኮምቦልቻ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለስልክ ጥሪ ማዞሪያ መሣሪያ አቅራቢና ገጣሚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የገጠማችሁልን መሣሪያ የአምቡላንስ ጥሪ በማሳለፍ ፈንታ ስለማሰናከሉ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ 11 አልጋ ያላት አነስተኛ ፔንሲዮን የማስተዳድር ደንበኛችሁ ነኝ። ባለፈው ሰኔ ወር ሁለት ቴክኒሽያኖቻችሁ መጥተው በሪሴፕሽናችን የመስመር ስልክና በግድግዳው ሶኬት መካከል አንድ ግራጫ ሳጥን ገጠሙልን። ሳጥኑ ከእኛ የሚወጣውን ጥሪ እየጠለፈ በውስጡ ባሉት ሁለት ሲም ካርዶች በኩል እንደሚያዞረው፣ የስልክ ወጪያችንም በዚህ እንደሚቀንስ ነግረውኝ ውሉን ፈረምኩ። ወጪው ቀንሷል፤ ይህን አልክድም። የምጽፍላችሁ ኅዳር 5 ሌሊት ስለሆነው ነገር ነው።

በዚያ ቀን ማታ አንዲት አሮጊት እናት ከልጃቸው ጋር ከከሚሴ መጥተው እኛ ዘንድ አደሩ። በማግስቱ ደሴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው፤ መሽቶባቸው የሐረጎን ዳገት በጨለማ ከመውጣት ብለው ነው ያረፉት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ትንፋሽ አጠራቸው። ልጃቸው በባዶ እግሩ ደረጃውን ወርዶ ተረኛዋን ልጅ “አምቡላንስ ጥሪልኝ” ብሏት ወደ እናቱ ተመለሰ። እሷም እጀታውን አንስታ 907 ደወለች። የመለሰላት “የደወሉት ቁጥር ትክክል አይደለም” የሚል የተቀዳ ድምፅ ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ወረቀት አየች። 907 ነው። ደገመች። ሦስተኛ፣ አራተኛ ሞከረች። የራሷ ሞባይል ባትሪው አልቆ ጓዳ ተሰክቷል። በመጨረሻ ግቢውን አቋርጣ የእኔን በር ደበደበች፤ እኔም በሞባይሌ 907 ብዬ ስደውል ወዲያው ተነሣ፣ አምቡላንሱም መጣ።

በሳጥኑ የጥሪ መዝገብ ላይ ከተጻፈው የመጀመሪያ ሙከራ እስከ እኔ ሞባይል ጥሪ ድረስ 12 ደቂቃ አልፏል። እናታችን እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል፤ ሦስት ቀን ተኝተው ወጡ። ልጃቸው ሻንጣ ሊወስድ ሲመጣ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ዝም ብሎ ስልኩን አየና ወጣ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

በማግስቱ ደወልኩላችሁ። ያነጋገረኝ ልጅ “የአምቡላንሱ መስመር ተይዞ ይሆናል እናቴ” አለኝ። እንዳልተያዘ፣ እኔ በሞባይል ስደውል እንደተነሣ ነገርኩት። በሁለተኛው ጥሪ ሳጥኑን ነቅለን እንድንሰካው ተነገረን፤ አደረግነው፣ ምንም አልተለወጠም። በሦስተኛው “ቴክኒሽያን እንልካለን” ተባልን። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይኸው 13 ቀን ሆነ።

እናንተ ስትቀሩ ምክንያቱን የነገሩን ሰፈራችን ያሉ፣ ዕድሜያቸውን በስልክ መስመር ጥገና የጨረሱ ጡረተኛ ጋሼ ናቸው። የድሮ መፈተሻ ስልካቸውን ይዘው መጡ። አምቡላንሱን በከንቱ ማስቸገር ነውር ነው ብለው በ907 ፈንታ በቴሌ የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር በ994 ሞከሩት። መፈተሻውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሲሰኩት ጥሪው አለፈ። በሳጥኑ በኩል ሲሆን ያው “ትክክል አይደለም” የሚለው ድምፅ መጣ። ከዚያ የሳጥኑን መዝገብ ከፍተው አሳዩኝ፤ ኅዳር 5 ሌሊት አራት ጊዜ የተደወለው 033907 ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስልኩ ቁልፍ ሲነካ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ይወጣል፤ ለ9 ለምሳሌ 852 እና 1477 ኸርዝ። ሳጥኑ እነዚህን ድምፆች ሰምቶ ቁጥሩን ይይዛል፣ መስመሩን ይቆርጣል፣ ከዚያ በሲም ካርዱ በኩል እሱ ራሱ ይደውላል። ከሲም ካርድ ወደ መስመር ስልክ ሲደወል ግን የአካባቢ መለያ ስለሚያስፈልግ፣ ቴክኒሽያኖቻችሁ በ0 የማይጀምር ቁጥር ሁሉ የወሎ ቁጥር ነው ብለው ከፊቱ 033 እንዲቀጠልበት አድርገው ሞልተውታል። ለሰፈር ባለሱቅ ይሠራል። ለ907 አይሠራም፤ ለፖሊስ 991ም አይሠራም። ከሰኔ ጀምሮ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ስልክ ለአደጋ ጊዜ የማይሆን ስልክ ነበር፣ እኛም አናውቅም። እንግዶቼን “ችግር ካለ ሪሴፕሽን ስልክ አለ” እያልኩ አምስት ወር አሳድሬያለሁ።

ጋሼ ሳጥኑን እየፈቱ አንድ ነገር ነገሩኝ። በሥልጠና ዘመናቸው እንደተማሩት፣ አውቶማቲክ የስልክ ማዞሪያን የፈለሰፈው በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ የነበረ ስትሮውጀር የሚባል ቀብር አስፈጻሚ ነው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1891 እ.ኤ.አ. አግኝቷል። ለዚህ ያነሣሣው የስልክ ቤት ሠራተኛ የእሱን ደንበኞች ጥሪ ወደ ሌላ ቀብር አስፈጻሚ ታዞርብኛለች ብሎ መጠርጠሩ ነው ይባላል። ደዋዩ ራሱ የነካው ቁጥር ጋ በቀጥታ ይድረስ ብሎ የደከመ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን ያ መሃል ገቢ ተመልሶ በሳጥን ተቀመጠ፤ ለእኛ ሳይነግረን ቁጥራችንን ይለውጣል።

ሌላም ጉድለት አለ። የመስመር ስልክ መብራት ቢጠፋ እንኳ ይሠራል፤ ከስልክ ጣቢያው በዚያው ሽቦ 48 ቮልት ይመጣለታልና። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ስልኩን ያስቀመጥኩት ለዚህ ነበር። የእናንተ ሳጥን ግን መብራት ሲጠፋ ስልኩን ከመስመሩ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ሪሌይ የለውም። መብራት ሲሄድ ስልኩም ዝም ይላል። ጋሼ እንዳሉት ይህ ሪሌይ ውድ ዕቃ አይደለም።

የምንደውልላቸው ሰዎች ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥርም የእኛ አይደለም። በታፔላችን ላይ ለ14 ዓመት የኖረው ቁጥር ቀርቶ የማይታወቅ የሞባይል ቁጥር ይወጣል። ክፍል የያዙ ሰዎችን ለማረጋገጥ ስንደውል አያነሡም፤ መልሰው ሲደውሉ ደግሞ የሚጠራው ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ የሚያነሣው የለም። በጥቅምት ብቻ ሁለት ቤተሰብ “አልፈለጋችሁንም” ብለው ሌላ ቦታ አርፈዋል።

ቴክኒሽያናችሁ ሲገጥም “መዝገቡን ደሴ ቢሯችን ሆነን እናየዋለን” ብሎ ነበር። ያኔ አልገባኝም። ዛሬ ግን እጠይቃለሁ፤ እንግዶቼ ለማን እንደደወሉ የሚያየው ማን ነው? መዝገቡስ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ የሚያስገባውን ብቻ አይደለም፣ ይዞ የሚጠቀመውንም ይጠይቃል። ሳጥኑ ያለው በእኔ ቤት፣ በእኔ መስመር ላይ ነው። የፈቃዱን ቅጂ አንድም ቀን አላሳያችሁኝም፤ እኔም ሳልጠይቅ መፈረሜ ጥፋቴ ነው።

ስለዚህ የመሣሪያውን ፈቃድ ቅጂ፣ ከሰኔ ጀምሮ ያለውን የጥሪ መዝገብ ሙሉ ቅጂ፣ እንዲሁም መዝገቡን ማን እንደሚያየው የሚገልጽ የጽሑፍ መልስ በ10 ቀን ውስጥ ላኩልኝ። ውሉ እንዲቋረጥና ያስያዝኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝም እጠይቃለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምለምናችሁ ሌላ ነው። ቴክኒሽያኖቻችሁ እኛ ዘንድ በመጡ ሰሞን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላሉ ሆቴሎችና ለአንድ ክሊኒክም መግጠማቸውን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እባካችሁ ዛሬውኑ ሰው ላኩና እያንዳንዱን ሳጥን አስፈትሹ፤ 907 እና 991 ምንም ሳይነካቸው በቀጥታ በመስመሩ እንዲያልፉ ይደረግ። ለእኔ የምትሰጡት መልስ ይዘግይ፣ ይህ ግን አይዘግይ። እነዚያ ሰዎች ስልካቸው እንደሚሠራ አምነው ነው የሚተኙት።

ሳጥኑን ጋሼ ነቅለውታል፤ ከነሲም ካርዶቹ በካርቶን ታሽጎ ሪሴፕሽን ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። ስልኩን እንደ ድሮው ግድግዳው ላይ ሰክተነዋል። መጥታችሁ ስትወስዱ የርክክብ ወረቀት ይዛችሁ ኑ።

ከሰላምታ ጋር
የፔንሲዮኑ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ