ለድሬዋ እህቴ፣ ከአዳማ

የኔ ድሬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ ያሳፍራል። ይቅር በይኝ። ምክንያቱን ድፍረት ካገኘሁ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። ብቻ «አቦ ተይኝ!» ብለሽ እንዳትወረውሪው። አውቅሻለሁ፣ ተቆጥተሽም ቢሆን ሳታነቢ አትጥይም።

እማዬ የአባትሽ የአባባ ሙት ዓመት ላይ ካልተገኘሁ ብላለች። «ቀብሩን አልደረስኩ፣ ይሄም ያምልጠኝ?» ትላለች ጠዋት ማታ። ጉልበቷ ደግሞ ብሶበታል። አንድ ሰዓት ከተቀመጠች ደግፈን ነው የምናስነሳት።

ከትናንት ወዲያ የልጄን የሒሳብ ደብተር ገልብጬ ስደምር አመሸሁ። ሦስት ሰው፣ ደርሶ መልስ። አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አዳማ ግን ማረፊያ የላትም። ወደ ድሬዳዋ ለመምጣት መጀመሪያ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄደን ቦሌ መግባት አለብን። ትኬቱ ደግሞ በነፍስ ወከፍ ነው። በሦስት ሳባዛው እርሳሱን አስቀመጥኩት።

ኮንትራት መኪና ጠየቅሁ። ጥሩነቱ ሦስትም ሆንን አምስት ዋጋው ያው ነው። ግን የነዳጅ ድጎማው ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ሹፌር ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከነዳጅ ነው። የሹፌሩ አዳር እኛ ላይ ነው። አውቶቡሱ ርካሽ ነው፣ አልክድም። ብቻዬን ብሆን ዛሬውኑ እሳፈር ነበር። እማዬን ግን ያን ሁሉ መንገድ ጉልበቷን አጥፋ እንድትቀመጥ አላደርግም።

የቀረው ባቡሩ ነው። አልጋው ሦስት ደርብ ነው፣ የላይኛው ከታችኛው ይረክሳል። እማዬ ታች፣ እኔና ልጄ ላይ ብዬ ደመርኩ። ድሬ፣ እግሯን ዘርግታ ትመጣለች! በዚህ ገንዘብ እግር የሚያዘረጋ ሌላ ነገር አላገኘሁም።

ይህን ስጽፍ እማዬ ግድግዳውን ይዛ መጣች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና የተጣጠፉ ብሮች ደብተሩ ላይ ዘረገፈች። አንዱን ባለ መቶ ብር በመዳፏ ደጋግማ አሸችው፣ እንዲቃና። «ለአውሮፕላን ምን ያህል ይጎድላል?» አለችኝ። ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ፣ «ተይው፤ እሱ ዕድሜውን ምድር ባቡር ነው የጨረሰው። በባቡር ነው የምሄድለት» አለች። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። እንባዬን እንድታይብኝ አልፈለግሁም።

አሁን የከበደኝን ልናገር። ባቡሩ በየቀኑ የለም። ደግሞ ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ መንታ ነው፣ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ። ከጅቡቲ ዕቃ የጫነው ሲመጣ አንዱ ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። ሐዲዱ ላይ የሚገቡትን ግመሎችማ አትረሺያቸውም፤ በ2010 ሥራ የጀመረ ሰሞን አብረን ያየነውን። ስለዚህ ለዕለቱ ብለን ለዕለቱ መምጣት አንችልም። ቀደም ብለን መጥተን፣ መመለሻው እስኪገኝ እናንተ ጋ ሦስት አራት ቀን ማደር ሊኖርብን ነው። እኛ ከትኬት ያተረፍነውን አንቺ በእንጀራና በፍራሽ ልትከፍዪ ነው። ይሄ ነው ያሳፈረኝ። በዚያ ላይ ቤትሽ ሐዘንተኛ ይሞላል።

ደግሞ... እሺ፣ ልንገርሽ።

አባባ ያረፉ ዕለት «ሥራ ያዘኝ» ያልኩሽ ውሸት ነው። ስትደውዪልኝ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር፣ ቀብሩ 9 ሰዓት። አውቶቡሱ ሄዷል። ባቡሩ የዚያን ቀን አልነበረም። ሊያደርሰኝ የሚችለው አውሮፕላን ብቻ ነበር፣ እኔ እጅ ላይ የነበረው ግን የግማሹን ግማሽ አይሞላም። ለመበደር እስከ ጎረቤት በር ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። አንቺ አባትሽን ስትቀብሪ እኔ ስለ ትኬት ዋጋ ላወራሽ? አፌ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ቀኑ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። እወዳቸው ነበር። እንደ አባቴ ነበር የማያቸው፣ ታውቂያለሽ።

አሁን የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። በዚያ ሳምንት ባቡሩ ከድሬ የሚመለስበትን ቀን ጠይቂልኝ፤ ትኬቱን ከመቁረጤ በፊት ማወቅ አለብኝ። አዲሱ ጣቢያ ደግሞ ከከተማ ይርቃል፤ ዘግይተን ከመሸ ከደረስን የሚቀበለን ሰው ይኖር ይሆን? ከሌለ ችግር የለም፣ ባጃጅ እናፈላልጋለን።

ብቻ ኑ ወይም አትምጡ በይኝ። እማዬ ሻንጣዋን አልጋዋ ሥር አስገብታ በየማታው እየሳበች ታየዋለች።

የአዳማዋ እህትሽ