አቤቱታችንን ማን ይቀበል?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ይህን የምጽፈው ስለ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ የፌዴራሉ ማለቴ ነው። የምኖረው አቃቂ ነው። እዚህ ሰፈር ከላይ ያሉት ፋብሪካዎች ምን እንደለቀቁ በወንዙ ቀለም እናውቃለን። ጠዋት ጠቁሮ ያየነው ውኃ ከሰዓት በኋላ ቀልቶ፣ ነጭ አረፋ ተሸክሞ ይወርዳል። ሽታው መስኮት አያስከፍትም። ዳር ላይ ደግሞ ገበሬዎቹ ይህንኑ ውኃ በሞተር እየሳቡ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣሉ፣ አትክልቱም ገበያ ወጥቶ ሁላችንም ቤት ይገባል። እነሱን አልወቅስም፤ ሌላ ውኃ የላቸውም።

አምና ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን አቤት ብለን ነበር። አንዱ ቢሮ «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብሎ ወደ ሌላው መራን፣ ያኛውም ወደ ሦስተኛው። ደብዳቤያችን የት እንደቀረ እስካሁን አናውቅም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ላይ፣ ማንም ሰው በግሌ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካዩ ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ደግሞ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ተጽፏል። ትልቅ መብት ነው። ግን ስንቱ ሰው ያውቀዋል? ባለሥልጣኑ ራሱ ነው ለሕዝቡ መንገር ያለበት።

አቃቂ ደግሞ የአንድ ክፍለ ከተማ ጉዳይ አይደለም። ውኃው ከእንጦጦ በኩል ወርዶ አዲስ አበባን ያቋርጣል፣ ኦሮሚያ ገብቶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፣ ከዚያ ከአዋሽ ጋር ወደ ቆቃ ይሄዳል። ከተማው ክልሉን፣ ክልሉ ከተማውን እያየ ከተቀመጠ ሁለቱን አንድ ላይ ሊይዝ የሚችለው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። በ1987 ተቋቋመ፣ ኋላ ሚኒስቴር ሆነ፣ ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ስሙ ሲቀያየር የእኛ ወንዝ እንዳለ ነው።

ሻኪሶ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ሰዉ ስለ ለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ልጆቻችን እየታመሙ ነው እያለ ስንት ጊዜ ጮኸ! ፈቃዱ የታገደው ግን በ2010 ሕዝቡ ሰልፍ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያገደውም የማዕድን ሚኒስቴር እንጂ አካባቢ ጥበቃ አልነበረም። ቀድሞ መድረስ የነበረበት ማን ነበር?

አይቻልም እንዳይባል ደግሞ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው።

እናንተ ጋዜጠኞች ስለሆናችሁ በር ይከፈትላችኋል። እባካችሁ ባለሥልጣኑን ሁለት ነገር ጠይቁልን። ባለፈው ዓመት ስንት አቤቱታ ደረሰው፣ ለስንቱስ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሰጠ? የአቃቂ ውኃ ሲለካስ ውጤቱ ለምን ለእኛ ለነዋሪዎቹ አይነገርም? መልሱን እንዳለ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአቃቂ ነዋሪ