ደብዳቤ ለአዘጋጁ፦ የቶድ ፊደል ለምን ተሳሳተ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ወጣቶች ልቦለድ በሚጻፉ አስተያየቶች ውስጥ አንድ ፍርድ ይደጋገማል፤ ታሪኩ ጥሩ ነው፣ አጻጻፉ ግን ያደክማል፣ ሃያ ገጽ ሳልዘልቅ ተውኩት የሚል። ያንኑ መጽሐፍ ያነበበ ሌላ ሰው ደግሞ ከታሪኩ ይልቅ የተራኪው ድምፅ እንደያዘው ይመሰክራል። ገምጋሚዎች ሁለቱን አስተያየቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ጉዳዩ የግል ምርጫ ነው ብለው ያልፋሉ። በዚህ አንባቢም፣ አስተማሪም፣ ተርጓሚም አይጠቀምም። ድምፁ ከምን ተሠራ? ለምን እንደዚያ ተሠራ? አንባቢው የት ላይ ይሰናከላል? እነዚህ በግልጽ ሊመለሱ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸውና የመጻሕፍት ዓምዳችሁ ቢይዛቸው እወዳለሁ።

ለማሳያ የፓትሪክ ኔስን «ዘ ናይፍ ኦቭ ኔቨር ሌቲንግ ጎ» ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ አገር ታትሞ በዚያው ዓመት የጋርዲያንን የልጆች ልቦለድ ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ነው። ሰዎች ከምድር ሄደው በሰፈሩበት ዓለም የወንዶች ሐሳብ ሁሉ ለማንም ይሰማል፤ ስሙን «ጫጫታ» ብለውታል። የሴቶች ሐሳብ አይሰማም። እንስሳት ይናገራሉ። ተራኪው ቶድ ሂዊት ሴት በሌለችበት ፕሬንቲስታውን በተባለ መንደር ውስጥ ለአካለ መጠን ያልደረሰ የመጨረሻው ልጅ ነው፤ ማንበብ በቅጡ አልተማረም።

ቶድ ቃላትን በሚሰሙት መንገድ ይጽፋቸዋል። በእንግሊዝኛ በአራት ፊደላት ተጽፎ «ሽን» ተብሎ የሚነበበውን የቃል መድረሻ በመጽሐፍ እንደሚጻፈው ሳይሆን ጆሮው እንደነገረው ያሰፍረዋል። «ቢኮዝ»ን ቆርጦ «ከዝ» ያደርገዋል። ዓረፍተ ነገሮቹ በ«እና» እየተቀጣጠሉ ይረዝማሉ፤ ሲሮጥ ደግሞ ይቆራረጣሉ፣ አንዳንዴም አንድ ቃል ብቻውን መስመር ይይዛል። የሌሎች ሰዎች ጫጫታ በሌላ ፎንትና በሌላ መጠን፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ይታተማል።

የአስተማሪዎችና የወላጆች ቅሬታ የሚነሳው ከፊደል ስህተቱ ነው። ልጁ የተሳሳተ ፊደል እያየ ስህተቱን ይለምዳል ይላሉ። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን መጽሐፉን ከፍቶ መቁጠር ይረዳል። ከአንድ ገጽ ቃላት አብዛኞቹ በትክክል የተጻፉ ናቸው። የሚሳሳቱት በአብዛኛው ረዘም ያሉ፣ ከትምህርት ቤት የሚገኙ ቃላት ናቸው፤ የቤትና የእርሻ ቃላት ብዙም አይነኩም። ደራሲው ስህተቱን እንደ በርበሬ በልክ ነው የነሰነሰው። ልኩ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ለማየት አንዱን ገጽ ወስዶ ቃላቱን ሁሉ በድምፃቸው ብቻ ጽፎ መሞከር ነው፤ ከሦስተኛው መስመር በኋላ አንባቢው ታሪክ ማንበቡን ትቶ ቃል ሲፈታ ይገኛል።

ስህተቱ ከሴራው ጋር ተያይዟል። ቶድ ከመንደሩ ሲሸሽ እናቱ የጻፈችው ማስታወሻ በእጁ ነው፤ ሊያነበው ግን አይችልም። ነፍሱን ሊያድን የሚችለው እውነት በጀርባው ባዘለው ቦርሳ ውስጥ እያለ ፊደሉ ይዘጋበታል። አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያየው የተሳሳተ ፊደል እዚህ ሲደርስ ትርጉም ያገኛል። ሃያ ገጽ ላይ ያቆመ ሰው የከፈለውን ዋጋ እንጂ የተገዛውን ዕቃ አላየም። ስለዚህ ገምጋሚ መጽሐፉን እንዴት እንዳገኘው ከመናገሩ በፊት እስከ ስንተኛው ገጽ እንዳነበበ ቢጽፍ ትልቅ ነገር ነው።

እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለተማረ ወጣት ችግሩ ከዚህ ይለያል። አዲስ አበባ ላይ ያለው ተማሪ ቃሉን ያወቀው በዓይኑ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ነው። ለንደን ላይ የተወለደው ቀድሞ በጆሮው ሰምቶታል። ቶድ ደግሞ የሚጽፈው ለጆሮ ነው። የእኛ አንባቢ የማያውቀውን ቃል በስልኩ መዝገበ ቃላት ይፈልጋል፤ ቃሉ እንደዚያ ስለማይጻፍ አያገኘውም፤ ሦስት ጊዜ ሲደጋገምበት መጽሐፉን ያስቀምጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች ድምፅ አውጥቶ ማንበብ። «ሽን» የሚለውን መድረሻና አራት አምስት የሚደጋገሙ አጫጭር ቃላትን አንዴ ከለየ በኋላ አዲስ የሚመጣበት ነገር ጥቂት ነው። በመጽሐፍ ክበብ የሚነበብ ከሆነ እነዚህን ቃላት በአንድ ቅጠል ወረቀት ጽፎ ቀድሞ ማደል ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የቶድ መንደር ዓመት 13 ወር ነው፤ ልጁ ዕድሜውን የሚቆጥረው በዚያ ነው። ይህ የተጻፈው እንግሊዝኛ አንባቢ ገና መግቢያው ላይ ባዕድ ዓለም ውስጥ መሆኑ እንዲሰማው ነው። ጳጉሜን እየቆጠረ ያደገ አንባቢ ግን 13 ወር ሲባል ምንም አይነቃነቅም። የእኛ 13ኛ ወር የአምስት ወይም የስድስት ቀን መሆኑን አስታውሶ ልዩነቱን ካላሰላ በቀር ደራሲው ያስቀመጠው ምልክት ሳይታይ ያልፋል።

ከቅሬታዎቹ ሁሉ እውነት ያለው ከፊደሉ ሌላ የሆነ ይመስለኛል። ቶድ የሚተርከው በአንደኛ መደብ፣ በአሁን ጊዜ ነው፤ ያሰበውን ሁሉ እየሰማን ነው ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ትልቅ እውነት ከተረዳ በኋላ ለአንባቢው ሳይነግር ብዙ ገጽ ያስኬዳል። ሐሳብ በማይደበቅበት ዓለም ተራኪው ሐሳቡን ከእኛ ይደብቃል። ውጥረቱን ያቆየለታል፣ ድምፁ የገባውን ቃል ግን ያፈርሳል። ፊደሉን የሚከሱ አንባቢዎች ብዙ ናቸው፤ ሊከሰስ የሚገባው ይህ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የሞይራ ያንግ «ብለድ ሬድ ሮድ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2011 የኮስታ ሽልማትን በልጆች መጽሐፍ ዘርፍ ወስዷል። ተራኪዋ ሳባ ትባላለች፤ የተነጠቀ መንታ ወንድሟን ፍለጋ በደረቀ ምድር ትሄዳለች። እሷም ቃላትን እንደምትናገር ትጽፋለች። አንባቢዎችን ይበልጥ የከፋፈለው ግን ሌላ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ትእምርተ ጥቅስ የለም። ማን እንደተናገረ ለማወቅ ወደ ኋላ እየተመለሱ ማንበብ ያስመረራቸው አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ንግግርና ትረካ በአንድ ትንፋሽ መሄዱን ወደዱት።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ዝግጁ ነው ማለት ይቀላል። በግዕዝ የሥርዓተ ነጥብ ልማድ ትእምርተ ጥቅስ አልነበረም፤ በቆየው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም «አለ»ና «እንዲህ ሲል» ሥራውን ይሠሩ ነበር። ነገር ግን በአንደኛ መደብ በሚተረክ ልቦለድ ውስጥ ወጥመድ አለ። እንዲህ የሚል አንቀጽ እናስብ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ እሄዳለሁ። ማንም አያስቆመኝም አለ ልጁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንባቢው ለተራኪዋ ይሰጣቸዋል፤ «አለ ልጁ» ላይ ሲደርስ ግን ሦስቱም የእሱ ሆነው ይገኛሉ። ይህ የሚሆነው አማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር ስንዘግብ «እኔ»ውን ስለማይቀይር ነው፤ «እሄዳለሁ አለ» ስንል የሚሄደው እሱ ነው። እንግሊዝኛ ንግግሩን ሲዘግብ «እኔ»ውን ወደ «እሱ» መለወጥ ስለሚችል ደራሲው መውጫ አለው። በአማርኛ ጥቅሱን ለመተው የሚፈልግ ሰው ተናጋሪውን ማስቀደም፣ ለእያንዳንዱ ንግግር አዲስ መስመር መስጠት፣ ከሁለት ሐረግ በላይ የሆነውንም በ«አለ» መሐል ለመሐል መቁረጥ ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ አንባቢው ቢቆጣ ጥፋቱ የአንባቢው አይሆንም።

የታሄረህ ማፊ «ሻተር ሚ» (እ.ኤ.አ. 2011) በአጭሩ ይነሳ። ለ264 ቀናት ብቻዋን የታሰረችው ተራኪዋ ጁልየት የጻፈችውን ትሰርዘዋለች፤ ስርዙ ግን እንዲነበብ ሆኖ ታትሟል። ፍርሃቷ እየቀነሰ ሲሄድ ስርዙም ይቀንሳል። ጽሑፉ ያለ ቅርጸቱ ከተገለበጠ የስርዙ መስመር ጠፍቶ ያለችውም ልትል ፈልጋ የተወችውም እኩል ይቆማሉ፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ አንዳንድ ፕሮግራሞችም ስርዝ መኖሩን ሳይናገሩ ሁለቱንም ያነባሉ። መጽሐፉ ትርጉም የለውም ያለ አንባቢ በየትኛው መልኩ እንዳነበበው መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንዲህ ያለ ድምፅ በአማርኛ ለመጻፍ ወይም ለመተርጎም ለሚነሱ ሰዎች የምለው አለኝ። የቶድን ስህተት በሞክሼ ፊደላት ለማሳየት መሞከር አይሠራም። ሰ እና ሠን፣ ሀ እና ሐን፣ ጸ እና ፀን የተማረውም ያፈራርቃቸዋል፤ ማንም እንደ ስህተት አያየውም፣ ይባስ ብሎ «ሠ» የበዛበት ጽሑፍ የቤተ ክህነት ሊቅ የጻፈው ይመስላል። «እሄዳለሁ»ን «እሄዳለው»፣ «ልንገርህ»ን «ልንገርክ» ማድረግ ስህተትነቱ ይታያል፤ የሚያስታውሰው ግን የስልክ መልእክትን እንጂ ከረግረግ ዳር ያደገ ልጅን አይደለም። የጎጃም ወይም የወሎ ዘዬ መስጠትም ሌላ ጣጣ አለው፤ ዘዬው አገሩን ይዞ ይመጣል፣ ያልነበረው ዓለም ወዲያው የምናውቀው ወረዳ ይሆናል፣ የዚያ አገር ሰውም ያልተማረ መባሉ ያስቀይመዋል።

የሚሻለው ከፊደል ወደ ዓረፍተ ነገር መውረድ ነው። «እሮጣለሁ» የአሁንም የወደፊትም ስለሆነ ሙሉ መጽሐፍ በዚህ ግስ ሲተረክ ልጁ እየሮጠ ሳይሆን ለመሮጥ እያቀደ ይመስላል፤ «እየሮጥኩ ነው» ደግሞ በየመስመሩ ሲደጋገም ይከብዳል። ቦዝ አንቀጽ ግን አለን። ዘልዬ፣ ወድቄ፣ ተነስቼ፣ ውሻዬን ጎትቼ እያልን ማሰሪያውን ግስ እስከ መጨረሻ ብናዘገየው የቶድን የ«እና» ሰንሰለትም ትንፋሹንም እናገኛለን፤ የጊዜው ጉዳይ በአንድ ማሰሪያ ግስ ይወሰናል።

የቶድ ውሻ ማንቺ በእንግሊዝኛ የሚናገረው በአንድ ሁለት ቃል ነው፤ ንግግሩ ጎደሎ ስለሆነ ያስቃል፣ በኋላም ያስለቅሳል። አማርኛ ላይ «ፈራሁ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጎደሎነቱ አይታይም። ውሻው ግስ ማርባት እንዳይችል ማድረግ ያስፈልጋል፤ «ፍርሃት፣ ቶድ» ይበል። ረግረጉ ውስጥ ቶድ የሚያገኛት ቫዮላም ሌላ ፈተና ናት። ሴት መሆኗን ገና ሳያውቅ አማርኛ ግሱ ላይ «ች» ወይም «አ» ጠይቆ ምስጢሩን ያወጣል። እዚያ ገጽ ላይ «ዝምታው»ን ባለቤት አድርጎ መጻፍ ያሻግራል፤ ዝምታው ተንቀሳቀሰ፣ ዝምታው ቀረበ።

በፎንት ጉዳይ ግን ከእንግሊዝኛው የተሻለ መሣሪያ በእጃችን አለ፤ የ«አንተ»ና የ«እርስዎ» ልዩነት። ቶድ በከንቲባ ፕሬንቲስ ፊት ሲቆም አፉ «እርስዎ እንዳሉ» ይላል፤ ጫጫታው በዚያው መስመር «ውሸታም ነህ» ይለዋል። ማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎንት ባይኖረው እንኳ የትኛው በአፍ እንደተነገረ፣ የትኛው ከራስ ቅሉ እንዳመለጠ አንባቢው ከግሱ ያውቃል። ለአንድ ምዕራፍ የሙከራ ትርጉም ገጽ ብትሰጡ ተርጓሚዎች ከዚህ ትዕይንት እንዲጀምሩ እመክራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የልቦለድ አርታዒ፣ አዲስ አበባ