ስለ ኪችን ካቢኔት ማጠፊያ ጥገና የቀረበ ቅሬታ

ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጥገና ምክንያት የደረሰብኝ ጉዳት እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። በመስከረም መጨረሻ የኪችን ካቢኔቴ አንዱ በር የላይኛው ማጠፊያ ስለላላ እንዲጠገንልኝ ወደ ቢሯችሁ ደውዬ ነበር። ስደውል ነገሩን በደንብ አስረድቻለሁ፤ ማጠፊያው አልተሰበረም፣ ችግሩ ብሎኖቹ የገቡበት ቀዳዳ ነው። ካቢኔቱ ቺፑድ ነው፤ የምድጃው እንፋሎት ስለሚደርሰው ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎን መያዝ አቅቶታል። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛችሁ «ችግር የለም፣ ባለሙያው የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይመጣል» አለችኝ።

ባለሙያው ይዞ የመጣው ካቻቢቴ፣ ድሪልና በላስቲክ የተቋጠረ ብሎን ነው። ኮላ አልያዘም፤ ለመድፈኛ የሚሆን እንጨትም አልነበረውም። እኔ ሥራ ቦታ ስለነበርኩ የተቀበሉት እናቴ ናቸው። «ልጄ፣ ቀዳዳው እኮ ሰፍቷል፣ አትደፍነውም ወይ?» ብለው ጠይቀውታል። «እማማ፣ አያስቡ፣ ረዘም ያለ ብሎን ከገባለት ንቅንቅ አይልም» ብሎ የድሮዎቹን አውጥቶ በረጃጅም ብሎኖች ተካቸው፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ደረሰኝ ቆርጦ ሄደ።

ሁለቱን የካቢኔት ክፍሎች የሚለየው ቺፑድ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ነው። ባለሙያችሁ ያስገባው ብሎን ደግሞ 30 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አውጥቼ ለክቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ብሎን የት ሊደርስ እንደሚችል ለማወቅ ሜትር እንኳ አያስፈልግም። የሁለቱም ብሎኖች ጫፍ እናቴ በርበሬና ሽሮ በሚያስቀምጡበት በሚቀጥለው ክፍል በኩል ወጥቷል። በማግስቱ የበርበሬውን ዕቃ ሊያወጡ እጃቸውን ሲሰዱ የብሎኑ ጫፍ የእጃቸውን ጀርባ ቧጨራቸው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ ስኳርም አለባቸው፤ ትንሽ ቁስል ለእሳቸው ትንሽ አይደለም። እስከ ዛሬ ያ ክፍል ባዶ ነው፣ ዕቃውንም ጠረጴዛ ላይ ደርድረነዋል።

ጥገናው ራሱም ሳምንት አልቆየም። ረጅሙ ብሎን ሲጠብቅ በዙሪያው ያለውን ቺፑድ ሰነጠቀው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥርም ስንጥቁ እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ቁራጩ ከነብሎኑ ተገንጥሎ ወጣ። አሁን ቦታውን በጣት ሲነኩት እንደ በሶ ይበናል። በሩ በታችኛው ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ እሱም ከክብደቱ የተነሳ እየተጣመመ ነው።

ይህን ለመንገር ስደውል የተሰጠኝ መልስ ከጉዳቱ ይበልጥ አሳዝኖኛል፤ «ካቢኔቱ አርጅቷል፣ የጎኑ ቺፑድ መቀየር አለበት» ተብዬ አዲስ ዋጋ ተነገረኝ። ባለሙያው ሳይመጣ በፊት ቺፑዱ ደህና ነበር። ያን ጊዜ የተበላሸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነበር። መርካቶ ውስጥ በር የሚሠራ ማንኛውም አናጺ ይህን እንዴት እንደሚያድን ያውቃል፤ ቀዳዳውን አጽድቶ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን የእንጨት ሽብልቅ በኮላ ይደፍናል፣ እስኪደርቅ እስከ ማግስቱ ይተወዋል፣ ትርፉን ከገጹ ጋር ያስተካክላል፣ በቀጭኑ ይበሳና የድሮውን አጭር ብሎን መልሶ ያስገባል። ቸኩሎ ከሆነ እንኳ ስቴኪኒ በኮላ ነክሮ ቢሞላው ለጊዜው ይይዝ ነበር፤ ቺፑዱንም አይገነጥለውም። ሥራውን በሁለት ቀን ከፍላችሁ ብትሠሩልኝ ቅር አይለኝም ነበር።

ሌላም አለ። በሩ ከጎኑ ካለው በር ጋር እየተፋተገ ነው የተተወው። ማጠፊያው ላይ ለማስተካከያ የተሠሩ ብሎኖች አሉ፤ በካቻቢቴ ትንሽ ዞር ቢደረጉ በሩ ቦታውን ይይዛል። ይህን ማየትም አልተፈለገም።

የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የተገነጠለው የጎን ቺፑድ በእናንተ ወጪ በተመሳሳይ ውፍረትና ቀለም ይቀየርልኝ፤ የተጣመመው የታችኛው ማጠፊያም አብሮ ይተካ። በሩ ሲሰቀል በልኩ ብሎን ይታሰር፣ ከጎረቤቱ በር ጋርም ይስተካከል። ይህን ማድረግ ካልፈለጋችሁ የከፈልኩትን ገንዘብ መልሱልኝና የቺፑዱን ዋጋ ጨምራችሁ ስጡኝ፤ ሌላ ባለሙያ አሠራለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘ ሸማች አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም የከፈለው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ወደ ንግድ ቢሮ ከመሄዴ በፊት እዚሁ በመነጋገር ብንጨርሰው እመርጣለሁ።

ወጣቱ ባለሙያ ከሥራው እንዲባረር አልፈልግም። ቺፑድ እንዴት እንደሚጠገን አሳዩት፣ ኮላና የእንጨት ሽብልቅም በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡለት። የእናቴን እጅ የቧጨረው ብሎን በሌላ ሰው ቤትም እንዳይገባ ነው የምለው።

የደረሰኙን ቅጂ፣ የተገነጠለውን ቦታና በሚቀጥለው ክፍል የወጣውን የብሎን ጫፍ የሚያሳዩ ፎቶዎች አያይዣለሁ። ብሎኖቹም እጄ ላይ አሉ። ከሥራ ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምገኝ፣ የሚመጣው ሰው መምጫውን ቀድሞ በስልክ ይንገረኝ፤ እናቴ ብቻቸውን ባሉበት ሰዓት ግን እንዳይመጣ አደራ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ