ያ ቃል የኔ ነበር

መጋቢት 2016

ሚሚዬ፣ የኔ እናት፣

ጓደኛሽ ትናንት ደውላልኝ ነበር። የፊዚክስ ውጤት ከተለጠፈ ወዲህ ከዶርም አልወጣችም፣ እህልም አልቀመሰችም አለችኝ። እንዳትቆጫት፣ ለምኜ ነው ያናገርኳት። ማታ ስደውል ደግሞ አንቺው በአፍሽ ነገርሽኝ። «ድሮም እኔ አልረባም» አልሽ።

ራስሽን አትስደቢ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያ ቃል የኔ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ የሊጡ ባልዲ ከእጅሽ አመለጠ። እኔ የታየኝ ጤፉ ብቻ ነበር። «ድሮም አንቺ አትረቢም!» አልኩሽ፣ ያውም ጎረቤት ፊት። አላለቀስሽም። ተንበርክከሽ ሊጡን ከነአፈሩ እየዛቅሽ ወደ ባልዲው ትመልሺ ጀመር። ያቺ ትንሽ እጅ እስከ ክርኗ ሊጥ ለብሳ አሁንም ትታየኛለች። አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አልጠየቅኩሽም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

እኔ እንጀራ ሲጣበቅብኝ ምጣዱን እሰብራለሁ? ፍቄ አነሳዋለሁ፣ ጎመን ዘር ነስንሼ አስሳለሁ፣ እሳቱን አያለሁ። ዓይን ካላወጣ አብሲቱ ነው እላለሁ። ለሊጥ ያለኝን ትዕግሥት ላንቺ ነፈግኩሽ።

አንቺም እንደዚያው አድርጊ። የፈተና ወረቀትሽን መምህሩን ጠይቂ። ቀመሩ ጠፍቶብሽ ነው? ጥያቄውን አንብበሽ ሳትጨርሺ ነው? ወይስ ከነጭራሹ አልገባሽም? የየራሳቸው መላ አላቸው። በ2015ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና አብረውሽ ከተቀመጡት 845 ሺህ ያህል ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶው ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁሉ አይረቡም ትያለሽ? ለሰው የማትዪውን ለራስሽም አትበዪ።

ደግሞ ዝም ብለሽ ተኚ እንዳልኩሽ እንዳይመስልሽ። ስልክ ይዞ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማፍጠጥ ይቅር! ጥፋቱን ጥፋት በዪው። ራስሽን ግን አትስደቢ።

500 ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ። አሁኑኑ ወጥተሽ ሽሮ ብዪ፤ ጾም ነው ብለሽ ጦምሽን እንዳትውዪ። ቅዳሜ በአውቶቡስ በሶና ቆሎ ይመጣልሻል። ጣሳውን መልሺልኝ፣ የእማማ ነው። ጋቢሽንም እጠቢው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። አንሺ።

እናትሽ