ኮሌራ የጥሞና ጊዜ አያውቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ምርጫ ሲቃረብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አፋቸውን ሰብሰብ ያድርጉ መባሉን እንደግፋለን። ግን ገደቡ ለመሥሪያ ቤቶቹ በውል የሚሠሩትንም ይጨምር ሲባል ማንን እንደሚነካ መታየት አለበት። የራዲዮ ስፖት የሚሠሩ የኮሙኒኬሽን ድርጅቶች፣ መረጃ የሚሰበስቡ አማካሪዎች፣ ናሙና የሚመረምሩ የግል ላቦራቶሪዎች፣ ሞንታርቦ ጭነው በየሰፈሩ የሚዞሩ ቡድኖች ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በእኛ እምነት ገደቡ መጣል ያለበት በገንዘቡና በዓርማው ላይ ነው። የባለሙያው አፍ ክፍት ይሁን።

ካሌንደሩን እንመልከት። የ1997ቱ ምርጫ ግንቦት 7፣ የ2002ቱ ግንቦት 15፣ የ2007ቱ ግንቦት 16፣ የ2013ቱ ሰኔ 14 ነው የተካሄደው። አራቱም ክረምት ደጅ ሲደርስ ነው። ዝናቡ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ወንዝ ዳር ሰፈሮች የሚያወርደውም ያኔ ነው፤ አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የገባባት በዚሁ ወቅት እንደነበር የሚረሳ የለም። በምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ መሠረት ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት አራት ቀናት፣ በጥሞናው ጊዜ፣ ቅስቀሳ ክልክል ነው። ኮሌራ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። በጥሞናው የመጀመሪያ ቀን የተበከለ ውሃ የጠጣ ሰው ድምፁን ሳይሰጥ ሊታመም፣ ካልታከመም በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሕጉ የከለከለው ቅስቀሳን ነው፤ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ማለት ቅስቀሳ አይደለም። የፈራ ኃላፊ ግን ሁለቱን አይለይም።

ነገሩ የሚታነቀው ውሉ ላይ ነው። ብዙ ውሎች «ያለ አሠሪው መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ምንም ዓይነት መልእክት ወይም መግለጫ አይወጣም» የሚል አንቀጽ አላቸው። በደህናው ጊዜ ችግር የለውም፤ ጽሑፉ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ይሄዳል፣ የሙያ ክፍሉ ያየዋል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ማህተም ተመቶበት ይመለሳል። ምርጫ ሲመጣ «ከምርጫ በኋላ እንየው» ይባላል። የእምቢታ ደብዳቤ ስለማይጻፍ አቤት የሚባልበት ወረቀት የለም። የተገዛው የአየር ሰዓት ያልፋል፣ ሥራው ርክክብ ስላልተደረገበት ክፍያው ይያዛል። ክፍያው አንዴ የተያዘበት ድርጅት በሚቀጥለው ጊዜ ማንም ሳይከለክለው በራሱ ዝም ይላል። የባሰው ይሄ ነው።

«መልእክቱ ቀድሞ ይጽደቅ፣ ከዚያ በኋላ አይነካ» የሚሉም አሉ። ግማሽ መፍትሔ ነው። ስፖቱ ስለ ኦአርኤስ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ ስለሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ «አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ» ይላል እንበል። ቤት ለቤት የሚዞረው ቡድን እናቶች በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሲበጠብጡት ያገኛል። እንዲህ ሲወፍር ጨውና ስኳሩ ይበዛል፤ ሕፃኑን ከመርዳት ይልቅ ይጎዳዋል። በማግሥቱ ስፖቱ «የግማሽ ሊትሩን ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ሞልታችሁ፤ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት» ተብሎ መታረም አለበት። ይህን ለማረም የፖለቲካ ፊርማ ምን ይሠራል?

ገደቡ በውል የሚሠሩትንም ይጨምር የሚለው ወገን ስጋት ግን የእውነት ነው፣ አናቃልለውም። ባነሩን ብትመለከቱ የላይኛው ግማሽ የባለሥልጣን ፎቶ ነው፣ እጅ መታጠቡ ታች ጥግ ላይ ተወሽቋል። ያው ፒክአፕ ጠዋት የፓርቲ መዝሙር፣ ከሰዓት የክትባት ጥሪ ካሰማ፣ አድማጩ መኪናውን እንጂ ውሉን አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ በራሱ ስም ማተም የማይችለውን በድርጅቱ ስም ማሳተምም ቀላል ነው። እዚህ ላይ ገደቡ በድርጅቶች ላይ ይጥበቅ። ፎቶና መፈክር ለመከልከል ብሎ ላቦራቶሪውን ዝም ማሰኘት ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

የውጭውም ልምድ አንድ ወጥ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2017 መንግሥት የአየር ብክለት ረቂቅ ዕቅዱን በምርጫው ሳቢያ ለማዘግየት ጠይቆ ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሕዝብ ጤና አይጠብቅም ብሎ ከምርጫው በፊት እንዲያወጣ አዘዘ። በአሜሪካ የ1939ኙ ሀች አክት የፌዴራል ሠራተኞችን የፖለቲካ እንቅስቃሴ ሲገድብ የግል ኮንትራክተር ሠራተኞችን በጥቅሉ አይነካም። የእኛም ቢሆን ትምህርት አለው። ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተቆርጦ የነበረው ምርጫ በኮቪድ ሲራዘም የጤና ባለሙያ ቃል ራሱ የምርጫ ጉዳይ ሆኖ ነበር። «ምርጫን የሚነካ ነገር አትናገሩ» የሚል ጥቅል ገደብ ያኔ ቢኖር ማን ይናገር ነበር?

እንግዲህ መመሪያ የሚያወጣው አካል እነዚህን ቢያይልን። ገደቡ በስልክ ትእዛዝ ሳይሆን በውሉ ይጻፍ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3131 ጀምሮ ስለ አስተዳደር ውሎች የደነገገው ለዚህ ይበቃል። የወረርሽኝ መልእክቶች ቅስቀሳ ከመጀመሩ በፊት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎቹም ቋንቋዎች ይጽደቁ። ለማሻሻያ አንድ ፈራሚና አንድ ተተኪ በስም ይሰየሙ፤ በ24 ሰዓት መልስ ካልሰጡ ዝምታቸው ፈቃድ ይሁን፣ እምቢ ካሉም በጽሑፍ። የላቦራቶሪ ውጤት በተለመደው የሪፖርት መስመሩ ይሂድ፣ ምርጫ አያዘግየው። የድርጅቱ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ያለ ዩኒፎርምና ያለ ባጅ የሚናገረው የራሱ ነው፤ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ለእሱም ተጽፏል። ምረቃና ርክክብ ከምርጫ በኋላ ይሁን። ለፓርቲ የወጣ መኪና በዚያው ሰሞን ለጤና አይሰማራ። ባነር ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የሚደወልበት ነፃ ስልክ ቁጥርና የሚደረገው ነገር ብቻ ይጻፍ፤ ቁጥሩ ከመንገዱ ማዶ እንዲነበብ ተደርጎ።

ከአክብሮት ጋር
በጤና ኮሙኒኬሽን ውሎች ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ