ድንጋዩ አላለቀም ነበር

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም በማለቴ ይቅር በይኝ። «ቦያችሁ እንዴት ሆነ?» ብለሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስለተበላሸው ነገር ምክንያቱን ሳላውቅ መጻፍ ከበደኝ።

ከተዘጋው የማዕድን ጉድጓድ የሚወጣውን ውሃ አሲድ እንዲሰብር ቦዩ ውስጥ የቀበርነውን የኖራ ድንጋይ ታስታውሺዋለሽ። ያን ጊዜ የምንፈራው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ብረት ብቻ ነበር። ብረት ኦክስጅን ካገኘ ቀይ ዝቃጭ ሆኖ ድንጋዩን እንደ ቅርፊት ይሸፍነዋልና አየር እንዳይገባ በፕላስቲክና በሸክላ አፈር ደፈንነው። ያሰብነውም ሆነ፤ ብረቱ እንደሟሟ ቦዩን አልፎ ውጭ ባለው ኩሬ ይዘቅጥ ጀመር። እንዴት ደስ ብሎን እንደነበር!

ከጊዜ በኋላ ግን ውሃው በመውጫው እየቀነሰ በመግቢያው በኩል ሞልቶ ፈሰሰ። ድንጋዩ ሟሙቶ አልቋል ተባለ፤ እኔም አመንኩ። ስንቆፍር አብዛኛው ድንጋይ እዚያው ነበር። በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሞላው ነጭ ዝልግልግ ነገር ነው፤ አልሙኒየም። አልሙኒየም ለመዝቀጥ ኦክስጅን አያስፈልገውም፤ አሲዱ ተሰብሮ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ አሲዱ ሲቀንስ ቁጥሩ ይጨምራል) ወደ 5 ሲጠጋ በቂው ነው። ድንጋዩ ሥራውን በሚገባ በሠራ ቁጥር የራሱን መንገድ ይዘጋ ነበር ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ዝግ ቦይ በሚገባው ውሃ ውስጥ አልሙኒየም በሊትር ከ1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። በመጀመሪያው የምርመራ ወረቀት ላይ መጠኑ ከዚያ በላይ ሆኖ ተጽፎልን ነበር፤ ዓይናችን ብረቱ ላይ ስለነበር አለፍነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ድንጋዩ ሳይቀበር በሚነጠፍበት ክፍት ቦይ ጉዳይ የተከራከርነውም ትዝ ይለኛል። ቀይ ቅርፊት የለበሰ ድንጋይ ቀስ ብሎም ቢሆን አሲዱን መስበሩን እንደማይተው፣ ቁልቁለት ባለበትም የውሃው ኃይል ዝቃጩን ጠርጎ እንደሚወስደው ነግረሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው።

አሁን ውሃው ከላይ ወደ ታች የሚሰርግበት ኩሬ ልንሠራ ነው። ከላይ ብስባሽ ይነጠፋል፤ ኦክስጅኑን እዚያው ይጨርሰዋል። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከድንጋዩም ሥር እየተከፈቱ ዝቃጩን የሚያጥቡ ቧንቧዎች ይኖራሉ። እንቅልፍ የሚነሳኝ እጥበቱ ነው፤ ኃይሉ የሚበረታው ቧንቧው አጠገብ ነው፣ ራቅ ያለው ዝቃጭ ግን እንዳለ ይቀራል። ቧንቧዎቹን ምን ያህል እናቀራርባቸው? በየስንት ጊዜውስ እንክፈታቸው? ንድፉን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ቁፋሮው ሳይጀመር እይልኝና የማይረባውን በቀይ ሰርዢው።

ናፍቄሻለሁ፤
ጓደኛሽ